የአባት ስም አይጠየቅም

ወረቀቱን የሰጠችኝ ነርሷ ናት፣ ጉበቴን መዝና፤
ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት፣ ሰፈሩ ማዮርና።
«በምድር ቤቱ ደረጃ ውረድ፤ በሩ አይቆለፍም።»
ሦስት ሐሙስ ደረስኩ፤ እግሬ ግን ደፉን አያልፍም።

የመጀመሪያውን ሐሙስ በዝናብ አሳበብኩ፤
ጎተንበርግ መች አባርቶ ያውቃል?
በሁለተኛው ካንድ ያገሬ ልጅ ጋር ትራም ላይ ተፋጠጥን፤
«ወዴት ነው?» አለኝ። «ዘመድ ጥየቃ።»
ዘመድ የለኝም። እሱም ያውቃል።

በሦስተኛው በመስኮቱ አጎንብሼ አየሁ፤
የሰው ጫማ ብቻ ይታያል፣ ክብ ሠርቶ የተቀመጠ፣
አንዱ ቦት፣ አንዱ ነጠላ በካልሲ፣ አንዱ ማሰሪያው ያመለጠ።
ጫማ ከሆነማ አልፈራም፤
ፊት ነው እኔን ያሯሯጠ።

በአራተኛው ገባሁ።

መርከብ ላይ ነው ሥራዬ፣ ዴንማርክ በምትመላለስ፤
አንሶላ መግፈፍ፣ ጠርሙስ መልቀም፣ ወልውሎ መመለስ።
በራሴ ገንዘብ አይደለም፣ በሰው ትራፊ ነው የጀመርኩ፤
ጣት የማይሞላ ውስኪ፣ «ብክነት ነው» እያልኩ ጨለጥኩ።
ኋላ ትራፊው አልበቃ አለኝ።
መንግሥት መጠጥ የሚሸጥበት ሱቅ ቅዳሜ በዘጠኝ ይዘጋል፤
ቅዳሜ በስምንት ተኩል እኔን የሚቀድም ሯጭ ከየት ይገኛል?

ቁልፍ ያዥዋ ጉኔል ናት፣ ጡረታ የወጣች ትራም ነጂ፤
«የአባት ስም አንጠይቅም» አለችኝ፣ «ያንተን ንገረን እንጂ።»
ቀለለኝ።
አባቴ፣ ሰርግ ቤት እንኳ ብርዝ ብቻ የሚጠጣ ሰው፣
ከደረጃው በላይ ይቆይ፤ እዚህ ድረስ ምን በወጣው!

«ይርጋ» አልኩ። ከዚያ የነሱን ቃል ጨመርኩ፣ በስዊድንኛ፤
አልጎረበጠኝም። ቃሉ እናት የለው፣ ጎረቤት የለው፣ የሚያውቀው የለም ከእኛ።
በአማርኛ ቢሆን ግን፣ ሲጠሩት መንደሩ ይወጣል፤
ልጅ ድንጋይ ያነሳል፣ ውሻ ሳይቀር ይቆጣል።

ቶርብዮርን የሚባል አናጢ የስሜን ትርጉም ጠየቀኝ።
«አይናወጥ፣ ይጽና» አልኩና ብርጭቆ ሳነሳ፣
የብርጭቆው ውሃ እጄ ላይ እንደ ባሕር ተነሳ።
ማንም አልሳቀ።
የገዛ እጁን ዘረጋልኝ፣ ሚስማር የበላው፣ ዝም ያለ፤
«የኔ በሁለት ወሩ ረጋ» አለ።

በዘጠነኛው ሐሙስ በሩ ተገፋ፤
ጃንጥላ፣ ጥቁር ኮት፣ ከኮቱ በላይ የኛ ሰው ፊት።
በዓይን አውቃታለሁ፤ ከዕድሩ ጠረጴዛ ኋላ
የቀብር መዋጮ የምትመዘግብ ሴት።
ወንበር ሥር ልግባ? ታምሜያለሁ ብዬ ልውጣ?
እሷም አይታኛለች፤ እጀታውን አልለቀቀችም።
ጉኔል ያንኑ አለቻት፤ ስም ብቻ።

«ወይንሸት» አለች።
የራሷ ስም ያን ጊዜ ገና ተሰማት መሰለኝ፣
አፏን በሻርቧ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤
ለቅሶ መስሎት ቶርብዮርን መሐረብ ሰጠ።
ክፍሉ ሁሉ አዘነላት። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ፤
ሳቅ ነው። እኔንም ያዘኝ፣ አንቆ አስነባኝ።
የወይን ሽታ ራሷ፣ ወይን ልትተው መጣች!
በስንት ወር የሳቅኩት ሳቅ ነው፣ ጠርሙስ ያልከፈተልኝ?

ስንወጣ ዝናቡ እንዳለ ነው፤
«የማን ልጅ ነህ?» «የማን ልጅ ነሽ?»
ምላሳችን ጫፍ ደርሶ፣ ሁለታችንም መለስነው።
«ሐሙስ?» አለች።
«ሐሙስ።»
የመጣውን ትራም እሷ ያዘች።
እኔ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ፤
አብረን እንዳንታይ ነው፤
እሱን ገና አልተውነውም።